ቅዳሜን የጠበቀው የጉድጓድ ውሃ ውጤት

ሥራዬን ለሚጠይቀኝ ሰው ዘርዝሬ መናገር ካቆምኩ ቆይቻለሁ። አንድ ጊዜ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ክርስትና ተጠርቼ፣ ከጎኔ የተቀመጡ አንድ አባት «ልጄ፣ የት ነው የምትሠሪው?» ብለው ጠየቁኝ። «አሌክሳንድሪያ ነው። ከመሬት በታች ዩራኒየም ለሚፈልጉ ሰዎች ፈቃድ እናስጨርሳለን» አልኳቸው። ሰውየው ወንበራቸውን ከእኔ ራቅ አደረጉ፤ ሳህናቸውንም ይዘው። ከዚያ ወዲህ «ፔፐርወርክ ነው» ብዬ አልፋለሁ። ውሸትም አይደለም። ዩራኒየም የሚባለውን ነገር በዓይኔ አይቼው አላውቅም። እኔ የማውቀው ወረቀቱን ነው።

በዚያ ዓመት በእጃችን የነበረው የአንድ ትንሽ ኩባንያ ማመልከቻ ነው። ኩባንያው በምዕራብ በኩል ባለ በረሃ፣ ከብዙ ዓመት በፊት ተዘግቶ ከተተወ የዩራኒየም ማውጫ አጠገብ፣ የፍለጋ ዋሻ መቆፈር ፈለገ። ማዕድኑን ለማውጣት ሳይሆን፣ ገብቶ ምን ያህል እንዳለ ለማየት። ለማየትም ቢሆን ግን መንግሥት ብዙ ይጠይቃል። ዋሻው ውስጥ አየር በየት ይገባል? የተቆፈረው ድንጋይ የት ይከመራል? ዝናብ ሲመጣ ወዴት ይታጠባል? በአካባቢው ውሃ የሚጠጣ ማን አለ? የዚህ ሁሉ መልስ ተጽፎና ተጠርዞ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይገባል። የመጨረሻዋ ጥያቄ የእኔ ድርሻ ነበረች።

ሥራዬ እንዲህ ነው። በአካባቢው የውሃ ጉድጓድ ላለው ሰው ሁሉ እደውላለሁ፤ ውሃውን ለማስመርመር አስፈቅዳለሁ፤ ላብራቶሪው ውጤቱን ሲልክ ለባለቤቱ እነግራለሁ። እያንዳንዱን የስልክ ንግግር ደግሞ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተባባልነውን በመዝገብ አሰፍራለሁ። መዝገቡ ከማመልከቻው ጋር አብሮ ይገባል። አለቃዬ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተጨማደደ አሜሪካዊ፣ ገና ስቀጠር «ስለ ድንጋዩ የሚጻፈውን ባለሙያ ሁሉ ይጽፈዋል። ተቆጣጣሪዎቹ ግን እንታመን እንደሆነ የሚያዩት በአንቺ መዝገብ ነው» ብሎኝ ነበር። ይህን ከሰማሁ በኋላ ማን ይቻለኝ! አንድ ሰው ቀን አሳስቶ ከጻፈ ወረቀቱን ይዤ ጠረጴዛው ድረስ እሄዳለሁ። ከኋላዬ «ፖሊሷ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ቅር አላለኝም።

ዋሻው ሊቆፈርበት ከታሰበው ቦታ አጠገብ ያሉት ጉድጓዶች አምስት ነበሩ። አራቱ ከብት ብቻ የሚጠጣባቸው ናቸው። አምስተኛው ብቻቸውን የሚኖሩ የአንዲት አሮጊት ነበር። ባላቸው በአሮጌው ማውጫ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው በሳንባ ሕመም ሞተዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስደውልላቸው የኩባንያውን ነገር ሳነሳ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት። በሁለተኛው ቀን «ውሃዬን ምን ልታደርጉበት ነው?» ብለው ዘጉት። በሦስተኛው ቀን አልዘጉም። «አነጋገርሽ ከየት ነው?» አሉኝ። ከኢትዮጵያ ነኝ አልኳቸው። «ሩቅ ነው?» አሉ። ሩቅ ነው አልኩ። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን።

በእንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ነገር የለም። እናቴን በሚያህሉ ሰው ፊት ተቀምጬ «ዩ» ማለት ስለከበደኝ፣ እሳቸው ስልኩን ሲያነሱ እኔ ከወንበሬ እነሣ ጀመር። እስክንጨርስ ቆሜ ነው የማወራው። ቢሮው ውስጥ ያሉት መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ በኋላ ግን ቆሜ ሲያዩኝ ከማን ጋር እንደማወራ ስለሚያውቁ ድምፃቸውን ይቀንሱልኝ ነበር።

ባላቸው ከማውጫው ሲወጡ ልብሳቸው አቧራ ብቻ እንደነበረ፣ እሳቸውም ያንን ልብስ በዚያው ጉድጓድ ውሃ ሲያጥቡ እንደኖሩ ነገሩኝ። አቧራው ምን እንደሚያደርግ ኃላፊዎቹ ያውቁ ነበር፤ ሐኪሞቹም ያውቁ ነበር። ባልና ሚስቱ የሰሙት ከሁሉ መጨረሻ ነው። «ውሃውን መርምሩት፣ ፈቅጃለሁ» አሉኝ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ንግግራችን። «ግን ቃል ግቢልኝ። ውጤቱን መጀመሪያ የምሰማው እኔ ልሁን። ከአንቺ አፍ።»

«ቃሌ ነው» አልኳቸው። መዝገቡ ላይም ጻፍኩት፤ በማመልከቻችንም ውስጥ «ውጤቱ በደረሰበት ዕለት ለባለቤቱ ይነገራል» የሚል ዐረፍተ ነገር አስገባሁ። ዐረፍተ ነገሩን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ማንም አላስገደደኝም።

ቀጥሎ የሆነው እንዲገባችሁ የአጎቴን ሞት ማንሳት አለብኝ። ከዚህ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ አንድ ማክሰኞ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም አዲስ አበባ አረፈ። ስልኩ የተደወለው ለእኔ ነው። እናቴ ከእኔ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች፤ ደም ግፊት አለባት፤ ያንን ወንድሟን ደግሞ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ነው። አገር ቤት ቢሆን መርዶው በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ይነገራት ነበር። እዚህ ግን ሰው ሥራ ነው፤ ግማሹ ሆቴል፣ ግማሹ ኤርፖርት፣ ግማሹ ታክሲ ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ አገር መርዶ ቅዳሜ ነው። ይህን ደንብ ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ሁላችንም ግን እናውቀዋለን።

እስከ ቅዳሜ የመደበቁን ሥራ የመራሁት እኔ ነኝ። ስልኳን «አፕዴት ያስፈልገዋል» ብዬ ወሰድኩባት። ጎረቤት ያሉ ወዳጆቿን እንዳይመጡ አስጠነቀቅሁ። ሐሙስ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ ሰው ቤት መጥቶ እንዳያመልጠው፣ አሌክሳንድሪያ ወንዙ ዳር ወስጄ ዓሣ አበላኋት። ቅዳሜ ሲነጋጋ ሕዝቡ መጣ። ከስካይላይን መጡ፣ ከአርሊንግተን መጡ፣ ከጌይተርስበርግ መጡ። ኮሪደሩ ላይ ነጠላ ለብሰው፣ ኮቴያቸው እንዳይሰማ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ተደርድረው ሳለ፣ የፊት ለፊታችን ጎረቤት በሩን ከፍቶ «እሳት ተነሣ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ገባን፤ ለእናቴ ተነገራት። ከልቅሶው በኋላ ሰዎች «እንዴት አድርጋ ያዘችው! እንዴት ያለች ልጅ ናት!» እያሉ አመሰገኑኝ። እኔም ሐዘኑ ውስጥ ሆኜ ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

የአሮጊቷ ጉድጓድ ውጤት የደረሰኝ አንድ ረቡዕ ጠዋት ነው። ዩራኒየሙ ከተፈቀደው በላይ ነበር፤ በጥቂት ሳይሆን በብዙ። ገና ዋሻው ሳይቆፈር፣ ከአሮጌው ማውጫ ወይም ከድንጋዩ ራሱ ውሃው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። አለቃዬ ወረቀቱን አይቶ ፊቱ ጠቆረ። ሻንጣውን ይዞ ወደ ኤርፖርት እየወጣ ነበር። «ዛሬውኑ ኮል አድርጊላቸው። መጠጣቱን ያቁሙ። የታሸገ ውሃ ነገ እንዲደርሳቸው አደርጋለሁ፤ አንቺ ብቻ እንደነገርሻቸው ንገሪኝ» አለኝ።

ተነሥቼ ቆምኩና ደወልኩ። እሳቸው ስልኩን ሲያነሱ እየሳቁ ነበር። «አንቺ ነሽ! ስሚ፣ ምን ልንገርሽ!» አሉ። የልጅ ልጃቸው ቅዳሜ ልትመጣ ነው። አራት ወር የሆነውን ልጇን ልታሳያቸው ነው። እሳቸው ሕፃኑን ከፎቶ በቀር አላዩትም። ቤቱን እያጠቡ ነው፤ መጋረጃ አውርደዋል፤ ከጀርባቸው ቧንቧው ሲፈስ ይሰማኛል። «በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ምን ቀርቶኛል?» አሉና ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ብቻቸውን ናቸው። ቤቱ ውስጥ ክንዳቸውን የሚይዝ አንድ ሰው የለም። በባላቸው ላይ የደረሰው በእሳቸውም ላይ ደረሰ ብዬ፣ እንዲህ ደስ ባላቸው ሰዓት፣ በስልክ፣ ረቡዕ? ቅዳሜ የልጅ ልጃቸው ትመጣለች። ቅዳሜ ሰው አላቸው። ሦስት ቀን ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት የጠጡት ውሃ በሦስት ቀን ምን ይጨምራል? ይህን ሁሉ ያሰብኩት ቧንቧው እየፈሰሰ እሳቸው ስለ መጋረጃው ሲያወሩ ነው።

«ለምን ነበር የደወልሽው?» አሉኝ በመጨረሻ።

«ደኅንነትዎን ልጠይቅ ነው። ስለ ውሃው ቅዳሜ እንነጋገራለን» አልኳቸው።

መዝገቡ ላይ «ተደውሏል፤ ስለ ውጤቱ ለመነጋገር ቀጠሮ ተይዟል» ብዬ ጻፍኩ። ለአለቃዬም «አግኝቻቸዋለሁ፤ የታሸገው ውሃ ከቅዳሜ በኋላ ቢደርስ ይመርጣሉ» ብዬ ቴክስት አደረግኩለት። ይህን ስጽፍ ልቤ ምንም አላለኝም፤ እንዲያውም በሰላም ነው ቤቴ የገባሁት። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መኝታ ቤቴ ውስጥ ሆኜ ደወልኩ። ያነሳችው የልጅ ልጃቸው ናት። ማን እንደሆንኩ ነገርኳትና ከአያቷ አጠገብ እንድትቀመጥ ለመንኳት። ስልኩን ለሁለቱም እንዲሰማ አደረገችው። ያኔ ነገርኳቸው፤ ቀስ ብዬ፣ እንዳሰብኩት፣ ሳልቸኩል። ለቅሶ ይመጣል ብዬ ነበር የጠበቅሁት።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አለች የልጅ ልጅቷ።

ትናንት ማለት እችል ነበር። አንደበቴ ላይ ደርሶም ነበር። «ረቡዕ» አልኳት።

«እኛ ሐሙስ ነው የገባነው። ልጨርስ ያልኩት ሥራ ቀድሞ አልቆልኝ፣ አያቴን ሰርፕራይዝ ላድርግ ብዬ ሐሙስ መጣሁ። የልጄን ወተት የምበጠብጠው በዚህ ውሃ ነው። ሐሙስ ማታ፣ አርብ ቀኑን ሙሉ፣ ዛሬ ጠዋት። አሁንም አፉ ላይ ነው!»

ጡጦው ወለል ላይ ሲወድቅ፣ ሕፃኑም ሲያለቅስ ተሰማኝ። እሷ ልጁን ይዛ ሄደች መሰለኝ፤ ስልኩ ላይ አሮጊቷ ብቻ ቀሩ።

«ረቡዕ ደውለሽልኝ ነበር» አሉ።

«አዎ።»

«ስለ ሕፃኑ ነገርኩሽ። አብረን ሳቅን።»

«አዎ» አልኩ። ቆሜ ነበር፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። በእሳቸው ፊት ስቀመጥ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«ቃል ገብተሽልኝ ነበር» አሉና ስልኩን ዘጉት። አልጮኹም። ቢጮኹ እመርጥ ነበር።

በዚያኑ ሰዓት ለአለቃዬ ደውዬ እውነቱን ነገርኩት፤ የታሸገው ውሃ ከሰዓት በፊት ደረሰላቸው። ሕፃኑ ሐኪም ዘንድ ተወሰደ። ሐኪሙ በሁለት ቀን የሚያሰጋ ነገር የለም ማለቱን ማታ ከእናቱ በመጣች አንዲት መስመር ኢሜይል ሰማሁ። ሰላምታ የላትም፤ ስምም የላትም። አምላኬን አመሰገንኩ፤ ግን ዕፎይታው አልተሰማኝም።

በማግስቱ እናቴ ከታች ከላውንደሪው የመጣውን አንሶላ ስታጣጥፍ ሁለቱን ጫፍ ይዤላት ቆምኩ። እኔና እሷ አንሶላ የምናጥፈው እንዲህ ነው፤ ወጥረን፣ ተጠጋግተን፣ ጫፉን ሰጥቼያት፣ ወደ ኋላ ተመልሼ። ሁለት አንሶላ ካጠፍን በኋላ ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ዩራኒየም ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ውሃው መጥፎ መሆኑ በቂዋ ነበር።

«እማዬ፣ ያኔ የአጎቴን ነገር ስንደብቅሽ አዝነሽብን ነበር?» አልኳት።

እጇ አንሶላው ላይ ቆመ። «ያን ሐሙስ ወንዙ ዳር ዓሣ አበላሽኝ፤ ታስታውሻለሽ? ያ ነጭ ወፍ መጥቶ ድንቹን ከእጅሽ ሲመነትፍሽ፣ አንቺ ጮኸሽ ስትነሺ፣ እኔ ሳቅሁ። እንባዬ እስኪፈስ ነው የሳቅሁት። ወንድሜ በተቀበረ በማግስቱ!»

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

«ለእኔ ብለሽ ነዋ ያደረግሽው። ደግሞስ ምን ብዬ ልንገርሽ? እናንተን ወዲያው ይቅር ብያለሁ። ያ ሳቅ ግን እስካሁን ሆዴ ውስጥ አለ፤ አልወጣ አለኝ።»

አለቀስኩ። አንሶላውን እንደያዝኩ ስለነበር ፊቴን የምጠርግበት እጅ አልነበረኝም። እሷ በአንሶላው ጫፍ ጠረገችልኝና «ገና አሁን የታጠበ ነው፣ አታርጥቢብኝ» አለች። ከዚያ ድምፅዋ ከረር አለ። «ስሚኝ። ወንድሜ አንዴ ሞቷል። ማክሰኞ ብትነግሩኝም ቅዳሜ ብትነግሩኝም ያው ሞቷል። ውሃ ግን እንደዚያ ነው? አንቺ ስታቆዪው እኮ እየጠጡት ነው!»

«ብቻቸውን ስለነበሩ ነው፣ እማዬ።»

«ይሁን። እኔ ቅዳሜ ሲነገረኝ ቤቱ ሙሉ ነበር። ስወድቅ የያዘኝን እጅ ብዛት አላውቀውም። ለዚያ ነው የቆየው፤ ሰው እስኪሰበሰብልኝ ነው። ለእሳቸው አንቺ ማንን ሰበሰብሽላቸው? ሰው ራሱ ነው የመጣው። አንቺ ማቆየቱን ብቻ ወሰድሽ።»

የቀረውን አንሶላ አጠፍን።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቼ መዝገቡን ከፈትኩት። የረቡዕ መስመር እንደጻፍኩት ነው። ስሕተት ነው የሚባል ቃል የለበትም፤ ያነበበ ሁሉ አምኖኝ ያልፋል። ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጨመርኩ፦ «ረቡዕ ስደውል ውጤቱ በእጄ ነበር። ለጉድጓዱ ባለቤት አልነገርኳቸውም። በዚህ ምክንያት እሳቸውና እንግዶቻቸው እስከ ቅዳሜ ጠዋት ውሃውን ጠጥተዋል። ቃል የገባሁትም ያፈረስኩትም እኔ ነኝ።» ከዚያ ስሊፐሬን፣ ስኒዬንና የጠረጴዛዬን አበባ በፌስታል አድርጌ ወረቀቱን ወደ አለቃዬ ወሰድኩ።

አነበበው። ደግሞ አነበበው። «ይህንን ካስገባን ማመልከቻውን ይመልሱታል» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ኩባንያውም ሊያሰናብተን ይችላል።»

«አውቃለሁ።»

«ለምንድነው ያልነገርሻቸው? እውነቱን ንገሪኝ። ፈርተሽ ነው?»

እንዴት ብዬ ላስረዳው? ስለ ቅዳሜ ነገርኩት፤ ስለ ኮሪደሩ፣ ጫማቸውን በእጃቸው ስለያዙት ሰዎች። ከአገራችን ባህል አንዱ ነው ብዬ ልሸፋፍነው አልፈለግሁም፤ እሱም እንዲራራልኝ አልፈለግሁም። ሲሰማኝ ቆይቶ «የእኔ አባት ሲሞት በቮይስሜይል ነው የሰማሁት፤ መኪና እየነዳሁ» አለ። ብዕሩን አንሥቶ ከእኔ ፊርማ ሥር ፈረመ። ከዚያ ፌስታሉን አየና «ስሊፐርሽን መልሺ» አለኝ። ያን ጊዜ ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ማመልከቻው ተመለሰ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በደብዳቤ ላይ ደብዳቤ ላከ፦ ጉድጓዱ ደግሞ ይመርመር፣ ከአሮጌው ማውጫ የሚወርደው ውሃ ይጠና፣ የአካባቢው ሰው አስተያየት እንደገና ይሰብሰብ። ኩባንያው ቢቆጣም አላሰናበተንም። ወራት አለፉ። ለአሮጊቷ በየሳምንቱ እደውል ነበር፤ አያነሱም። እኔም ቆሜ ጥሪው እስኪያልቅ እጠብቅና መዝገቡ ላይ «አልተነሳም» ብዬ እጽፋለሁ። ያች ቃል ስንት ጊዜ እንደተጻፈች መቁጠር አልፈለግሁም።

የሕዝብ አስተያየት የሚሰበሰብበት ጊዜ ሊያበቃ ሲል አንድ በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ደረሰ። እንዲህ ያለውን ተቀብሎ ከማመልከቻው ጋር የሚያያይዘው ደግሞ ሌላ ማን ነው፣ እኔው ነኝ። የእሳቸው ነበር። ቆሜ አነበብኩት።

ዋሻው ይቆፈር ወይም አይቆፈር አላሉም። «የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ ስጡኝ፤ ከዚያ የፈለጋችሁትን እዩ» ይላል። «በውሃዬ ውስጥ አንድ ነገር ያገኘ ሰው ባገኘበት ቀን ይንገረኝ። ስልክ ላይ ያለችው ሴት አንድ ረቡዕ ደብቃኛለች፤ ይህንን አልረሳም። ግን መዝገቡን አስልኬ አየሁት። ራሷን ጽፋለች። ባሌ የሠራላቸው ሰዎች ራሳቸውን ጽፈው አያውቁም። ከእንግዲህም የምትደውለው እሷ ትሁን። ብቻዬን ብሆንም ትደውል።»

የመጨረሻዋን መስመር ብዙ ጊዜ አነበብኳት። ከዚያ ቁጥር ሰጥቼ፣ ስካን አድርጌ፣ ቦታዋ አስገባኋት። ሥራ ሥራ ነው። በዚያው ቀን ስደውል ስልኩን አነሱት። ስለ ደብዳቤው አላነሳንም። ሕፃኑ ጥርስ ማብቀል ጀምሯል አሉኝ።

ፈቃዱ የመጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ ከብዙ ግዴታ ጋር። ከግዴታዎቹ አንዱ ኩባንያው ቁፋሮ ሳይጀምር ለአሮጊቷ አዲስ፣ ጥልቅ ጉድጓድ እንዲያወጣላቸውና እስከዚያ ውሃ እንዲያመላልስላቸው ያዛል። ሌላው የማንኛውም ውሃ ውጤት በደረሰበት ዕለት፣ በቃል፣ ለባለቤቱ እንዲነገርና እንዲመዘገብ ይላል። አለቃዬ በጣቱ እያሳየኝ «ይቺ ያንቺ ናት» አለኝ። እውነቱን ነው። የእኔ ጥፋት ቁጥር ተሰጥቶት ሕግ ሆነ።

የአዲሱ ጉድጓድ ውጤት የደረሰው አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። ከፍቼ አየሁት። ዩራኒየሙ እዚያም አለ፤ ከበፊቱ ያንሳል፣ ግን ከተፈቀደው በላይ ነው። ቢሮው ውስጥ ገና ማንም አልገባም፤ አለቃዬም መንገድ ላይ ነው። እሳቸው ዘንድ ገና መንጋቱ ነበር። ብቻቸውን እንደሆኑ አውቃለሁ። ሆዴ ዛሬም «ቆይ፣ ቅዳሜ» አለኝ። አዎ፣ አለኝ። ተነሥቼ ቆምኩና ደወልኩ።

«ንገሪኝ» አሉ፤ ሰላምታም አልጠበቁ።

ነገርኳቸው። በአንድ ትንፋሽ ነው የነገርኳቸው፤ አላሳመርኩትም።

«አሁን ነው የደረሰሽ?» አሉኝ።

«አሁን ነው። ከአምስት ደቂቃ በፊት።»

«ዛሬ ወይ ነገ ይደርሳል ስላልሽኝ ማንቆርቆሪያውን ከአዲሱ ጉድጓድ ሞልቼ ምድጃው ላይ አስቀምጬው ነበር። ደህና ነው ካልሽኝ ሻዬን አፍልቼ እየጠጣሁ ላወራሽ ነበር» አሉ። «ልድፋው። አትዝጊብኝ።»

«አልዘጋም።»

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት ሰማሁ። ቀስ ያለ እግራቸውን ሰማሁ። ከዚያ ውሃው ሲደፋ ሰማሁ፤ ትልቅ ማንቆርቆሪያ መሆን አለበት፣ ብዙ ቆየ። ውሃው ካለቀ በኋላም ወዲያው አልተመለሱም። እያለቀሱ ነበር፤ እዚያ ማዶ ሆነው፣ ድምፃቸውን አፍነው። እኔም አሌክሳንድሪያ ላይ፣ ማንም በሌለበት ቢሮ ውስጥ፣ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜያለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ አንድ በአንድ ገቡ፤ አይተውኝ ድምፃቸውን ቀንሰው ተቀመጡ። አለቃዬ መጣና ኮቱን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆመ። ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም።

ብዙ ቆይተው አሮጊቷ ስልኩን አነሱት።

«አለሽ?» አሉኝ።

«አለሁ» አልኳቸው።